መርዶ ነጋሪው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ዶሮዎች በዱላቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ገበያ የሚሄዱ አንድ አዛውንት፣ እየተራመዱ፣ የምሮጠውን እኔን አለፉኝ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለማንም ሳልተነፍስ ይዤው እቀበር ነበር፤ ችግሩ ከማለፋቸው በፊት ማነጋገራቸው ነው።

ሩጫውን የጀመርሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከወንበሬ ስነሣ ወገቤን፣ አለቃዬ ሲጠሩኝ ሆዴን፣ ወር መዝጊያ ሲደርስ ደግሞ ሁለንተናዬን ያመኛል። የጤና ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር፣ እንቅስቃሴው እንቅልፍንም ስሜትንም እንደሚያስተካክል፣ ሥራው ባይለወጥ እንኳ ሥራውን የምችልበት ትከሻ እንደማወጣ አስረዳኝ። እንቅስቃሴው መካከለኛ መሆኑ የሚታወቀው ማውራት ሲቻልና መዝፈን ሲያቅት ነው ሲል ጨመረልኝ። እኔም ቱታ ገዝቼ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቼ መመለስ ያዝሁ። ከዚህ ሁሉ የዓመት ፈቃድ ብትጠይቅ አይሻልም ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም፤ ጠይቄያለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አዛውንቱ የደረሱብኝ በመመለሻዬ ላይ ነው። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተው፣ ጋቢያቸውን ጣል አድርገዋል፤ ዶሮዎቹ እግራቸው በገመድ ታስሮ ከዱላው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ጥቂት ጎን ለጎን ተጓዝን፤ እኔ እየሮጥሁ፣ እሳቸው እየተራመዱ። ቀረርቶ ቢጤ ያንጎራጉሩ ስለነበር በጓደኛዬ መለኪያ እንቅስቃሴ ላይ መሆናቸው እንኳ ያጠራጥራል። ድንገት ማንጎራጎሩን ተዉትና ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» አሉኝ።

ልመልስ ብል ትንፋሽ አጣሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ማንም አልሞተም፣ የደከመው ልቤ ነው ለማለት ነበር፤ እሳቸው ግን ሟቹ የቅርብ ሰው መሆኑን ተረዱ። ከንፈራቸውን መጠጡና «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ በፍጹም ርኅራኄ፣ «ይልቅ ቤቱን ንገረኝና መርዶውን እኔ ላድርስልህ፤ አንተ በዚህ አካሄድህ እስክትደርስ ተዝካሩም ያልፋል» አሉኝ።

ትንፋሼ ሲመለስልኝ፣ «አባባ፣ የሞተ የለም፤ የምሮጠው ሥራዬ መርሮኝ ነው» አልኋቸው።

«ሥራህ የት ነው?»

ወደ ከተማው ጠቆምሁ።

«ታዲያ ወደዚያው ነው እንዴ የምትሮጠው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ፤ እስከዚያ ድረስ ለካ እኔን ለማስተዛዘን ብለው ቀስ ሲሉልኝ ነበር። ከዶሮዎቹ አንዷ፣ ገብስማዋ፣ ኩርባው እስኪለያየን ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ለገበያ የምትወሰደው እሷ ሆና ሳለ የምታዝነው ለእኔ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው እያልሁ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። አዛውንቱ የመጡት ግን ጫፉ ከ4,000 ሜትር ከሚያልፈው ከጮቄ ወገን መሆኑ ትዝ ሲለኝ ይህንንም ሰበብ ተውሁት።

ሌላውን ሁሉ መዋጥ ይቻላል፤ ተዝካሩን ግን መዋጥ አልቻልሁም። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን እንሠራለንና ቢሮ እንደገባሁ ወረቀት ስቤ አሰላሁት። ሁለት ኪሎ ሜትሩን የምጨርሰው በ24 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መርዶ ባደርስ፣ 300 ኪሎ ሜትሩ ሳልተኛ 60 ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ቀብሩ ያመልጠኛል፣ ለሰልስቱ ግን እደርሳለሁ። ተዝካሩ የሚወጣው በ40ኛው ቀን ነው። 40 ቀን 960 ሰዓት ነው፤ 960 ሰዓት ደግሞ በእኔ ፍጥነት 4,800 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ይህ በአየር መስመር ቢለካ ካይሮ አድርሶ ይመልሳል። ከጮቄ መንገድ እስከ ደብረ ማርቆስ ገበያ እንዲህ ያለ ርቀት የለም፤ ስለዚህ የተባለው ስም ማጥፋት ነው። «ስም ማጥፋት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ቀና ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆመዋል። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ቀብር፣ ሰልስት፣ ተዝካር፣ 960 ሰዓት።

የፈቃዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። እኔ በጽሑፍ አራት ጊዜ ጠይቄ አራቱንም ጊዜ «እስቲ ሥራው ጋብ ይበል» ተብያለሁ፤ ሥራው በሦስት ዓመት ውስጥ ጋብ ያለበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ያው አዋጅ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛም ሦስት የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ለዚህኛው ሥራው ጋብ እስኪል አይጠበቅም።

አለቃዬ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ምነው፣ ማን ሞተብህ? ለምን አልነገርኸንም?» ብለው እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ትንፋሽ አጠረኝና፣ እጄ ሳላዘው ሄዶ ደረቴ ላይ አረፈ።

«የቅርብ ሰው ነው ማለት ነው» አሉና ፈረሙልኝ።