ስትሰሚ ተጫኚ

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ጅማ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ዝናቡ ከጀመረ አይለቅም፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔ እንኳን እሰማዋለሁ።

የጆሮዬ ምርመራ ወረቀት ወጥቷል፣ ማህተምም አለው፣ ነገ ስፔሻል ኒድስ (ልዩ ድጋፍ ለሚፈልጉ ተማሪዎች) ቢሮ አስገባዋለሁ። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፣ ስላይድ ቀድሞ እንዲሰጠኝና ፈተና መሀል "ጥያቄ 14ን እንዲህ ብላችሁ አስተካክሉ" የሚሏት ነገር ሰሌዳ ላይ እንድትፃፍልኝ ነው፣ ሁሉም ሲሰርዝ እኔ ምን ተባለ ብዬ የጎረቤቴን ወረቀት ሳይ ኮራጅ መስያለሁ እኮ።

ወረቀቱ ላይ ቀዩ ክብ ቀኝ ጆሮዬ ነው፣ ሰማያዊው ኤክስ ግራ። ሁለቱም 250 ኸርዝ ላይ፣ ወፍራሙ ድምፅ ጋ፣ ደህና ናቸው፣ 4000 ሲደርሱ፣ ቀጭኑ ጋ፣ ቁልቁል 65 ዴሲቤል ገብተዋል፣ ማለትም ድምፁ እዛ ድረስ ካልጮኸ አልሰማውም። ለዛ ነው የሰው ድምፅ እየተሰማኝ ቃሉ የሚያመልጠኝ፣ ስ እና ፍ ቀጫጭን ስለሆኑ እዛ ቁልቁለቱ ጋ ነው የሚጠፉት። ላብ ውስጥ መምህሩ "ሰራሽ?" ሲለኝ "ኧረ አልፈራሁም" ብዬ ክላሱን በሳቅ ገድዬዋለሁ።

ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። የምርመራው ቀን መርማሪዋ ልጅ ማዳመጫውን አድርጋልኝ "ስትሰሚ ተጫኚ" አለችኝ፣ ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ መጣና እስኪያባራ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስንቀጥል እኔ አይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ይዤ አንድም እንዳታመልጠኝ ትግል! አልሰማም የሚል ወረቀት ልወስድ ሄጄ ለመስማት እሟሟታለሁ። ምን ላድርግ፣ ውጤት ያለው ነገር ሁሉ የሚደፈን ነው የሚመስለኝ፣ እማ ከልጅነቴ ጀምሮ "ከመቶ ስንት?" ነው ጥያቄዋ። ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ሁሌ ጥዝዝ የምትል ነገር አለች፣ አንዳንዴ የተጫንኩት ማሽኑን ሰምቼ ይሁን እሷን አላህ ይወቀው። ልጅቷም ሳትጠረጥር አልቀረችም፣ ያንኑ ድምፅ እየመላለሰች ነበር የምትሰጠኝ።

እና አሁን ይሄ ወረቀቱ የመስማት ችግሬን "መካከለኛ" የሚለው የጆሮዬ ነው ወይስ የትግሌ? ቢሮው "መካከለኛማ ደህና ነሽ" ቢለኝስ? ደግሞ ሆን ብዬ ባልጫን ኖሮ ማጭበርበር ነው።

ለእማ አሳየኋት። መካከለኛ የሚለውን አነበበችና "አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ታሻሽያለሽ" አለችኝ። እሺ አልኳት።