ኢየሩሳሌምን ያሳተሙ ሠዓሊዎች እና የወሎ አምባዎች

የላሊበላን ወንዝ ዮርዳኖስ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም አንዱን ጎልጎታ እያልን ያደግን ወሎዬዎች፣ የ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ያሳተሟቸውን የኢየሩሳሌም ሥዕሎች ስንመለከት አገሩ እንግዳ አይሆንብንም። እኔም እነዚህን ሥዕሎች ባየሁ ቁጥር የወሎን ቅዱሳት ቦታዎች እፈልግባቸዋለሁ። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከሁሉም የታወቀው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሮበርትስ ነው። የጫማ ሠሪ ልጅ የነበረው ይህ ሰው ለቴአትር ቤቶች የመድረክ መጋረጃ ሲሥል ኖሮ፣ በ1838 ግብጽ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በሲና በረሃ አድርጎ ኢየሩሳሌም ደረሰ። በንድፍና በውሃ ቀለም ይዞ የተመለሰውን ሥራ ለንደን ላይ ለኅትመት ያበቃው ግን ሌላ እጅ ነው። ትውልደ ቤልጅጉ ሉዊ ሃግ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ጉዳተኛ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ጉልላትና ገደል በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ የነደፈው በግራ እጁ ነበር። ድንጋዩ በውሃ ሲርስ ቀለሙ በቅባቱ መስመር ላይ ብቻ ይይዛል፤ ወረቀቱም ከዚያ ይታተማል። አንዳንዶቹ ቅጂዎች ከታተሙ በኋላ በእጅ ቀለም ተቀብተዋል።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል ረጅም ጊዜ የምቆይበት የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነው። ሁለቱ ታላላቅ በሮች ከታች ከአደባባዩ ይታያሉ፤ ቀኝኛው በድንጋይ ተደፍኗል። በዚያው ሕንፃ ሰገነት ላይ የእኛው ዴር ሱልጣን ገዳም አለ፤ ሮበርትስ ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1838፣ መነኮሳቱ በወረርሽኝ አልቀው ነበር። ከአደባባዩ ቆሞ የሚሥል ሰው ሰገነቱን አያይም። ስለዚህ ሥዕሉ ውብም ታማኝም ሆኖ፣ ለእኛ የሚያመን ነገር ከክፈፉ ውጪ ቀርቷል።

ወደ አገራችን የመጡትስ? ሄንሪ ሶልት በዚያው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ደርሶ የአክሱምን ሐውልት ሣለ። ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ቅድስት አገርን ከሣለ በኋላ በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ሸዋ ገባ፤ በ1852 የታተመው ሥራው የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ ያሳያል። የጉዞው መንገድ በሰሜን ከምፅዋ፣ በደቡብ ከታጁራ ይነሣ ስለነበር፣ የሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ የግሸን ማርያም ያለበት መሀል አገር ከሠዓሊዎቹ መንገድ ርቆ ቀረ።

ወሎ በአውሮፓ ሕትመት ላይ በስፋት የወጣው ጦር ሲዘምትበት ነው። በ1868 የእንግሊዝ ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ሲምሰን ለአንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ አብሮ መጣ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኢየሩሳሌም ከምድር በታች የሚካሄደውን ቁፋሮ ሣለ። ያው ሠዓሊ እዚያ የሄደው ጥንታዊነትን ፍለጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አምባውን ያየው በዘመቻ ዓይን ነበር፤ በእኔ እምነት ይህ ልዩነት በሥዕሎቹ ላይ ይነበባል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸውን ብሎ የመጣ መጽሐፍ፣ የፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ሥራ፣ ፓሪስ የታተመው በ1882 ነው፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቦታውን አይቶ ከጻፈ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።