ፌዝ፦ ከቆዳው ጉድጓድ እስከ ሸክላው መዶሻ

ሞሮኮ ሄዶ የፌዝን ከተማ ያየ ሰው ስልክ ውስጥ አንድ ፎቶ አይጠፋም። ከላይ የተነሳ ነው፤ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተደርድረው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡናማ። ሹዋራ ይባላል፤ ከከተማዋ ቆዳ ማልፊያዎች ትልቁ ነው።

በ1981 በዩኔስኮ የተመዘገበው የድሮው ከተማ መኪና አይገባበትም። ቆዳውም ለስላሳ መጠጡም የሚጫነው በአህያና በበቅሎ ነው። ከኋላ «ባላክ!» (ዞር በል!) የሚል ጩኸት ከመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ማልፊያው የሚታየው ዙሪያውን ከከበቡት የቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ነው። በሩ ላይ የናና ቅጠል ያስይዙሃል። ለቱሪስት የተፈጠረ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሰገነቱ ላይ ስደርስ ናናው ከአፍንጫዬ አልወርድ አለ። ሽታው የነጮቹ ጉድጓዶች ነው። ጥሬው ቆዳ መጀመሪያ ኖራና የርግብ ኩስ ባለበት ውሃ ይነከራል። ኖራው ፀጉሩን ያላቅቃል፤ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ከዚያ ሠራተኞቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። በዚያ ፀሐይ!

ሻጮቹ ቀለሙ ሁሉ ከዕፅዋት ነው ይላሉ። ቢጫው ከሳፍሮን ነው ሲሉኝ ግን ሳቄ መጣ። ሳፍሮን በግራም የሚሸጥ ውድ ቅመም ነው፤ በሱ የተነከረ ትራስ በዚያ ዋጋ ማን ይሸጥልኛል? ዛሬ የፋብሪካ ቀለምም በብዛት ይገባበታል። ቢናገሩት ምን ነበረበት?

እኔን የያዘኝ ሌላው ነው፤ ዘሊጅ፣ ቀለም ከተቀባ ሸክላ ቁርጥራጮች የሚገጣጠመው ጌጥ። ሸክላ ሠሪዎቹ በጭሳቸው ምክንያት ከድሮው ከተማ ወጥተው ዐይን ኖክቢ የሚባል ሰፈር ናቸው። ምድጃው የሚነደው ዘይቱ በወጣለት የወይራ ፍሬ ቅሪት ነው። እዚህ ከሰገነት ማየት የለም፤ ከሠራተኛው አጠገብ ትቆማለህ።

ቆራጩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቀለም የተቀባችውን ጡብ በከባድ ስለታም መዶሻ ይጠርባታል። ኮከብ፣ አልማዝ፣ ጥፍር የምታክል ሦስት ማዕዘን። መዶሻው ጣቱን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ እሱ ግን ከጓደኛው ጋር እያወራ ነው። ስብርባሪው በዙሪያው ተከምሯል።

ገጣጣሚው ይባስ። ቁርጥራጮቹን የሚደረድረው ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍቶ ነው። የሚታየው ጀርባቸው ብቻ፣ ሁሉም ያው የሸክላ መልክ። ሰማያዊው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ነጩ የት እንደሚገባ የሚያውቀው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ከላይ ጂፕሰም ወይም ሲሚንቶ ይፈስበታል፤ ሲደርቅ ይገለበጣል። አንዷ ተሳስታ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ረጅም ሰዓት ቆሜ አየሁት። እሱ ቀና ብሎም አላየኝ።

ከዚያ የማይቀረው መሸጫ ክፍል። ትናንሽ ሳህኖች እያሉ ሻጩ ቀጥታ የወሰደኝ ግድግዳ የሚያክል በዘሊጅ የተሠራ ፏፏቴ ጋ ነው። ዋጋውን ነገረኝ፤ ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ። ከባድ ነው ስለው «በመርከብ እንልከዋለን» አለ። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው ብዬ የገላገልኩት መሰለኝ።

«እንግዲያው ለአከራይዎ ስጦታ ይሁና!» አለና እንደገና ቀነሰ።