የአቤቱታ ደብዳቤ ልምምድ፦ ትግሉ «ጉዳዩ» ላይ ነው

በልምምድ የምንጽፋቸው የአቤቱታ ደብዳቤዎች አሁን ከአንድ ገጽ አያልፉም። ሦስት ገጽ ሙሉ ምሬት ይዘን እንጀምር ከነበረበት ጊዜ ጋር ሲተያይ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ያኮራል። የሚያበሳጨው ግን ንጹሕና አጭር ደብዳቤም ቢሆን ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የማይመለከተው ክፍል ጠረጴዛ ላይ መክረሙ ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀኑ በስተቀኝ ከላይ በዓ.ም. ይጻፋል። ከዚያ «ለ» ብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስምና የሚመለከተው የሥራ ክፍል፣ ከሥሩ «አዲስ አበባ» ተሰምሮበት ይገባል። ለኃላፊው በስሙ አትጻፉ፤ ሰው ይዛወራል፣ ወንበሩ ግን ይቆያል። ከታች ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር። በግራ በኩል ሰፋ ያለ ኅዳግ ይተው፤ ኃላፊው የሚመራው እዚያ ላይ ጽፎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊው ድረስ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚነበበው «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ብቻ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ገቢ መዝገብ ላይ የምታሰፍረው እሱን ነው። ኃላፊው «ለእገሌ ክፍል፣ አይታችሁ አቅርቡ» ብሎ የሚመራውም እሱን አይቶ ነው። እንግዲህ «ጉዳዩ፦ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልነገራቸውም። ገቢ መዝገቡ ላይ ከሌላው አቤቱታ በምን ይለያል? ከወር በኋላ ደብዳቤውን ፈልጉልኝ ቢል በምን ያገኙታል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የውሃ ቆጣሪ ያለፈው ወር ንባብ 412 ነበር። የግንቦት ቢል ላይ የተጻፈው 472 ነው፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ደግሞ 427። ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ 15 ሜትር ኩብ የነበረው ፍጆታ 60 ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ጉዳዩ፦ የተጋነነ የውሃ ሂሳብን ይመለከታል» ይላል። «የተጋነነ» ስሜት ነው፣ ሊስተባበል ይችላል። የሚሻለው ይህ ነው፦ «የግንቦት 2017 ዓ.ም. የቆጣሪ ንባብ ታርሞ ሂሳቡ እንደገና እንዲሰላልኝ ስለመጠየቅ»። የትኛው ወር፣ ምኑ ተሳሳተ፣ ምን ይደረግ የሚሉት ሦስቱም አሉ። ሁለት መስመር ቢሞላም ችግር የለውም።

ልብ በሉ፣ «ይህን ያህል ብር ይመለስልኝ» አላልንም። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም በደረጃ የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን 45 ሜትር ኩብ በአንድ ዋጋ አባዝቶ ብር የጠየቀ ሰው ስሌቱ ይሳሳታል፤ ስሌቱ ከተሳሳተ መልሱ ስለ ስሌቱ ይሆንና ዋናው የንባብ ስህተት ይረሳል። ቁጥሩን ማስረዳት የእናንተ፣ ማስላት የእነሱ።

ሁለተኛው ወጥመድ ክስ ነው። ጉዳዩ ላይ «ሙስና» ወይም «የሥነ ምግባር ጉድለት» የሚል ቃል ከገባ ደብዳቤው ወደ ሥነ ምግባር ክፍል መመራቱ አይቀርም። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ቆጣሪ አያስነብቡም፣ ቢል አያርሙም። የሠራተኛው ጠባይ አስቆጥቷችሁ ከሆነ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ደብዳቤ አንድ ክፍል ነው የሚሄደው፤ ሁለት ጉዳይ ከያዘ አንዱ ወድቆ ይቀራል።

የመጨረሻው አንቀጽ ጉዳዩ ላይ የተቀመጠውን ግሥ መድገም አለበት። ላይ «ታርሞ» ከተባለ ታችም «እንዲታረምልኝ»። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልኝ ዘንድ» የምትለዋን ሐረግ ከልቤ እቃወማለሁ። ትብብር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ «ተባብረናል» ብለው ቢመልሱ ምን ይባላል? «በአክብሮት እጠይቃለሁ» አንዴ ይበቃል።

በኮምፒውተር ቤቶች የሚያስጽፍ ሰው ከተዘጋጀው ናሙና ይጠንቀቅ፤ የሌላ ሰው «ጉዳዩ» ሳይቀየር ደብዳቤው ላይ ይቀራል። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለፍርድ ቤት ሥራ ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን «አመልካች» እና «ተጠሪ» ብለው የሚጀምሩት አጻጻፍ ለቢሮ ደብዳቤ አይስማማም፤ አንባቢውን ገና ከመነሻው ተከሳሽ ያደርገዋል። በኢሜይል የሚላክ ከሆነ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ሕግ መጥቀስን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ለቆጣሪ ንባብ ሕገ መንግሥት መጥቀስ አያስፈልግም። ጉዳዩ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነና የቃል መልስ ብቻ ከተሰጣችሁ ግን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጠቅሶ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ግልባጭ ላይ ገና አልተስማማንም። ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ለበላይ አካል ግልባጭ ማድረግ በሩን ይዘጋል ባይ ነኝ፤ ያፋጥናል የሚሉም አሉ። ከተጻፈ ግን በእርግጥ መድረስ አለበት። ያልተላከ ግልባጭ አንዴ ከታወቀ ሌላውም የደብዳቤው ቃል አይታመንም።

ሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀራል፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል። ያለዚህ ቅጂ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። አባሪው ዋናው ሳይሆን ኮፒ ይሁን፤ «አባሪ፦ 3 ገጽ» ተብሎ ቁጥሩም ይገለጽ፤ የቆጣሪው ፎቶ ቀን ይጻፍበት። በመሥሪያ ቤቶች የሚፈጸም አስተዳደራዊ በደልን ወደሚመረምረውና በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደተቋቋመው እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ግድ ቢሆን፣ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ለራሱ አቤት መባሉን የሚያሳየው ይኸው ማኅተም ነው።

መልስ ሲዘገይ ታሪኩን ከእንደገና አትጻፉ። «በቀን ____ በቁጥር ____ ገቢ ላደረግሁት ጥያቄ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» የሚል ጉዳይ፣ ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ ኮፒ። ይህም ራሱ በሁለት ቅጂ ገቢ ይደረግ።