«ኖሮ» የምትለዋ ቃል

ዛሬም ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ተገትሬ አመሸሁ።

ለወጣቶች ብዬ የምጽፈው ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኳ የ16 ዓመት ልጅ ነች። አንድ ነገር ልትወስን ስትል፣ እሺ ብትል የሚመጣውንም እምቢ ብትል የሚመጣውንም ታያለች። ሁለቱንም እኩል፣ ከነድምፃቸው።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝ ግሱ ነበር። በአማርኛ «ይመጣል» ስንል አሁንም ነው፣ ነገም ነው። ልጅቷ «አባባ በሩን ይከፍታል» ብላ ስታስብ፣ ዘወትር የሚያደርገውን ነው የምታወራው ወይስ ማታ የሚሆነውን አይታ? አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ በየመስመሩ «ነገ»፣ «ቆይቶ» እያልኩ ስጨምር ጽሑፉ ደረቀብኝ። አንድ ቀን ሁሉንም አወጣኋቸው። ልጅቷ የምትኖረው እዚያው መደናገር ውስጥ ነው። እናቷ ሳትጠይቃት ትመልሳለች። ገና ባልተነገረ ቀልድ ትስቃለች። ስታገለው የከረምኩት ነገር ለካ ቋንቋው በነፃ የሰጠኝ ነው።

«ፊት» የሚለው ቃልማ ይብሳል። «ወደፊት» ያልመጣው ነው፣ «በፊት» ያለፈው። «ኋላ» ከጀርባችን ነው፣ «በኋላ» ግን ገና ሊመጣ ያለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምናገራቸው ቃላት ናቸው። ልብ ያልኳቸው ግን ይህችን ልጅ ስጽፍ ነው።

ቀጥሎ የርቀቱ ጉዳይ መጣ። እስከ የት ድረስ ትይ? ሁሉን ካየች አንባቢ የሚጨነቅበት ነገር አይኖረውም። መልሱን ያገኘሁት ከአየር ጠባይ ሳይንስ ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1961 እ.ኤ.አ. አየር እንዴት እንደሚለዋወጥ በኮምፒውተር ያሰላ ነበር። አንዱን ስሌት ከመሃል ጀምሮ መድገም ፈለገና ከታተመው ወረቀት ላይ 0.506 የሚለውን ቁጥር አስገባ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ግን 0.506127 ነበር። ልዩነቷ ከቁም ነገር የምትገባ አትመስልም። ሁለቱ ስሌቶች ለጥቂት ጊዜ አብረው ሄዱ። ከዚያ ትንሽ ተራራቁ፣ ቆይተው ጭራሽ የማይተዋወቁ ሆኑ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የልጅቷ ወሰን ተገኘ! የነገን አጥርታ ታያለች። የሳምንቱ ይደበዝዛል። የዓመቱ ጭጋግ ነው።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ አንድ ምሽት ወደ ቲያትር ክበብ ልትሄድ ነው። ታናሽ ወንድሟ ትኩሳት ይዞታል፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ከሄደች ብቻውን ሲያቃትት ይታያታል። ከቀረች እጇን ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቀረች። ትክክል ነች፣ ማንም እንደዚያ ያደርጋል። እኔም በመጀመሪያው ረቂቅ ደስ ብሏት እንድታድር አደረግኳት። ግን ውሸት ሆነብኝ። በሄደችበት ምሽት እኮ አንዲት ልጅ አግኝታለች። አብረው እስኪያለቅሱ ስቀዋል። ያቺ ልጅ ለማንም ያልነገረችውን ምስጢር ነግራታለች። ያ ምሽት አሁን የለም።

በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የተሸለሙ አትሌቶችን ፊት ከቪዲዮ ያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነበሩ። ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይልቅ ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ባለብሩ ለጥቂት ያመለጠው ወርቅ ይታየዋል። ባለነሐሱ ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል እንደነበር ያስባል። የኔ ልጅ ሁለቱንም ነች። ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ የተረፈውንም የቀረውንም ታያለች።

ለዚህ ሕመም «ኖሮ» የምትባል ቃል አለችን። «ብሄድ ኖሮ።» ሳስባት ትገርመኛለች። ጨርሶ ያልሆነውን ነገር የምናወራው «ኖረ» ከሚለው ግስ በወጣች ቃል ነው።

እኔም አንዲት «ኖሮ» አለችኝ። በ17 ዓመቴ አንዲት ጓደኛዬ ማታ ላይ «ላዋራሽ እፈልጋለሁ» ብላ ላከችብኝ። ፈተና ነበረብኝ። «ነገ» አልኳት። በማግስቱ ሳገኛት «ተይው፣ አለፈ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቿ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ፣ ተጠፋፋን። ምናልባት ተራ ነገር ነበር። እኔ ግን ያን ምሽት ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሄጄበታለሁ። አጠገቧ ስቀመጥ፣ ስትነግረኝ፣ ዝም ብዬ ስሰማት። ሁሉም የኔ ፈጠራ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ያማል። ልጅቷ ግን ፈጥራ አይደለም። ድምፁን ሰምታዋለች።

ስለዚህ ዛሬ ደስተኛውን መጨረሻ ሰረዝኩት። ይህን ጻፍኩ፦ ሳምንት አልፏል። ደረጃው ላይ ያቺው ልጅ ከላይ ትወርዳለች። የኔዋ ምስጢሯን ታውቃለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ታውቃለች። ሳታስበው በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ ቆመች። ዞር ብላ አየቻት።

«እንተዋወቃለን?»

ጥያቄውን ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰዓቱ ሄዷል። መልሷን ነገ እጽፈዋለሁ።