እንግሊዝ አገር መድኃኒት ማዘዝና መክፈል፦ ጂፒው ጋ እና ፋርማሲው ጋ

እንግሊዝ አገር ጂፒው (የሰፈር ሐኪሙ ወይም ክሊኒኩ) ማዘዣ ይጽፋል እንጂ መድኃኒት አይሰጥም። መድኃኒቱን የሚሰጠውም ገንዘቡን የሚቀበለውም ፋርማሲው ነው። አንዳንድ የገጠር ጂፒዎች ግን ከፋርማሲ ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ለሚኖሩ ታካሚዎቻቸው ራሳቸው መድኃኒት ያድላሉ፤ ያኔ ክፍያውም እዚያው ነው።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የመሳሰሉትን መድኃኒቶች ሐኪሙ ሳያያችሁ እንዲደገሙ ሲፈቅድ ማዘዣው "ሪፒት" ይባላል። "ሪፒት" ስለተባለ ግን በራሱ አይመጣም፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ እናንተ ናችሁ የምትጠይቁት። በኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) አፕ የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር ከፍታችሁ ሊያልቅ የተቃረበውን ብቻ ትመርጣላችሁ፤ ማዘዣው በቀጥታ እንዲሄድላችሁ የምትፈልጉትን ፋርማሲም እዚያው ትመዘግባላችሁ። አፕ የማይጠቀሙ አባትና እናት ካሏችሁ አረንጓዴውን ወረቀት እዩላቸው። በግራ በኩል ሐኪሙ የፈረመበት ማዘዣ አለ፤ በቀኝ በኩል ተቀድዶ የሚቀረው የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ነው፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምልክት የሚደረግበት ትንሽ ሳጥን አለው። የቀኙ ቁራጭ የሚቀጥለው ወር መጠየቂያ ስለሆነ መጣል የለበትም። ምልክት አድርጋችሁ ጂፒው ደጃፍ ወይም ሪሴፕሽን ያለው ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ።

በስልክ ትእዛዝ የማይቀበሉ ጂፒዎች ብዙ ናቸው። ሰው ይናደድበታል፣ ግን ምክንያት አለው። አምሎዲፒን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ለነርቭ ሕመምና ለድብርት ይሰጣል። ሁለቱን ስሞች በስልክ፣ በችኮላ፣ በእኛ አነጋገር አስቧቸው። ስለዚህ ስሙን በቃል ከመናገር ካርቶኑን ይዞ ሄዶ ማሳየት ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ብዙ ጂፒዎች ማዘዣ ለመፈረም 2 የሥራ ቀን ይወስዳሉ፤ ፋርማሲው አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ሌላ አንድ ሁለት ቀን ይጨመራል። ስለዚህ የ7 ቀን ፍሬ ሲቀራችሁ እዘዙ። ከዚያ በጣም ቀደም ካላችሁ "ገና ነው" ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ሰውን የሚያስቸግረው በዓል ነው። በፈረንጅ ፋሲካ አርብና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት የገባ ጥያቄ የሚፈረመው ረቡዕ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነም ትኬቱ እንደተቆረጠ ለጂፒው ንገሩ። ከ3 ወር በላይ ለሚቆይ ጉዞ ጂፒው በኤን ኤች ኤስ ወጪ መድኃኒት እንዲሰጥ ስለማይጠበቅ ከዚያ በላይ ለምትቆዩበት ጊዜ አስቀድማችሁ ሌላ መንገድ አስቡ።

አፑ ላይ መድኃኒቱ አልመረጥ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒቱን በየጊዜው የሚያይበት ግምገማ ቀኑ አልፎበት ነው። የደም ምርመራ ወይም የግፊት ልኬት ይፈልጋሉ ማለት ነውና ከፋርማሲስቱ ጋር አትከራከሩ፣ ጂፒው ጋ ቀጠሮ ያዙ። መድኃኒቱ ጭራሽ አልቆ ጂፒው ዝግ ከሆነ ባዶውን ካርቶን ከነስማችሁ ልጣፍ ይዛችሁ ፋርማሲ ሂዱ ወይም ወደ ኤን ኤች ኤስ የምክር ስልክ፣ 111 ደውሉ፤ ፋርማሲስቱ አሳማኝ ሆኖ ካገኘው ለጥቂት ቀን የሚሆን መስጠት ይችላል።

ወደ ክፍያው እንምጣ። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ነፃ ነው። በእንግሊዝ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2024 ግንቦት ጀምሮ ለአንድ ዓይነት መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ነው፤ በ2025ም አልጨመረም። የሚቆጠረው የመድኃኒቱ ዓይነት እንጂ የፍሬው ብዛት አይደለም፦ የ28 ቀንም የ56 ቀንም ማዘዣ ያው 9.90 ነው። ሦስት ዓይነት በየወሩ የሚወስድ ሰው በዓመት 356.40 ይከፍላል። ይህ ሰው የ12 ወሩን የቅድሚያ ክፍያ ሰርተፊኬት በ114.50 ቢገዛ ዓመቱን ሙሉ ሌላ አይጠየቅም፤ ገንዘቡንም በ10 ወር ከፋፍሎ ከባንክ ማስቆረጥ ይችላል። የ3 ወሩ 32.05 ነው፣ በ3 ወር ውስጥ አራት ዓይነት ከተጻፈላችሁ ያዋጣል። እንደ ፓራሲታሞል ያለው ደግሞ ያለ ማዘዣ ሲገዛ ከ9.90 በብዙ ይረክሳል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

60 ዓመት የሞላው፣ ከ16 በታች የሆነ፣ እስከ 18 ድረስ ሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ አይከፍልም። ነፍሰ ጡርና የወለደች እናት (እስከ 12 ወር) በነፃ ለማግኘት ሰርተፊኬት ማውጣት አለባቸው። ስኳሩን በመድኃኒት የሚቆጣጠር ወይም የታይሮይድ ማነስ ያለበት ጂፒው የሚፈርምለትን ኤፍ ፒ 92 ኤ የሚባል ፎርም ይሞላል፤ ሰርተፊኬቱ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ለሌላ ሕመም የታዘዘውንም መድኃኒት ይሸፍናል። የደም ግፊትና አስም ግን ነፃ ከሚያደርጉት ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ የሉም። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፣ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ወገኖቻችን ብዙ የሚቀጡበት ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት የገቢ ድጎማ ነው። ድጎማውን መቀበል ብቻውን ነፃ አያደርግም። ባለፈው የክፍያ ወር የተጣራ ደሞዛችሁ 435 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ የልጅ ድጎማ ካለበት ወይም በጤና ምክንያት የመሥራት አቅም ውስን ነው ከተባለ 935። ደሞዙ በየወሩ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በየወሩ ማየት አለበት፤ አንዱን ወር ነፃ የነበረ በሌላው ከፋይ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲው ውስጥ "አልከፍልም" የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ኋላ ሲጣራ ያልተከፈለውን ሂሳብ ይጠየቃል፤ በዚያ ላይ የሂሳቡ አምስት እጥፍ፣ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ይጨመራል። ፊርማው የእናንተ ነው፤ ጓደኛ ወይም የፋርማሲው ሠራተኛ "ይሄን ምረጥ" ስላላችሁ አትፈርሙ።

የጥገኝነት ድጋፍ የሚያገኙ መድኃኒት በነፃ የሚያስገኝ፣ ኤች ሲ 2 የሚባል ሰርተፊኬት ይደርሳቸዋል። ገቢው አነስተኛ የሆነና ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ ያልበለጠ ሌላ ሰውም በኤች ሲ 1 ፎርም ያመለክታል። ከፊል እርዳታ ብቻ የሚሰጠው ኤች ሲ 3 ከመጣላችሁ ግን ለመድኃኒት አይረዳም። ሰርተፊኬቱን እየጠበቃችሁ ከሆነ ክፈሉና እዚያው፣ ገንዘቡን ስትሰጡ፣ "ኤፍ ፒ 57" የሚባለውን ደረሰኝ ጠይቁ። በኋላ ተመልሳችሁ ብትጠይቁ አይሰጣችሁም፤ ደረሰኙን ይዛችሁም ገንዘቡን ለማስመለስ ያላችሁ 3 ወር ነው።