አብራ የምትሄደው ሴት

እኛ ክሊኒክ ሁሉም ሰው የሚፈልጋት አንዲት ሴት አለች። ሀኪም አይደለችም፣ ነርስም አይደለችም። ፕሮሞቶራ ይሏታል፣ በስፓኒሽ የሰፈር ጤና ሠራተኛ ማለት ነው። የምንሠራው ዳላስ ውስጥ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪው በሚበዛበት ሰፈር ነው። እኔ ደም እቀዳለሁ፣ ግፊት እለካለሁ። እሷ ሰው ትፈልጋለች። ቤተ ክርስቲያን፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ምግብ የሚታደልበት ሰልፍ፣ የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት ጥግ ትሄዳለች። የታመመውን አግባብታ ታመጣዋለች። ፎርሙን አብራው ትሞላለች። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ትደውልለታለች።

አገር ቤት ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ጤና ኤክስቴንሽኖች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት ሲዞሩ አይተናል። ስለ ደሞዛቸው ግን ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ጣራ ሠሪ ይዛ መጣች። እዚህ ከተማ በረዶ ወርዶ ቤቱን ሁሉ በደበደበ ቁጥር ጣራ ላይ የሚወጡት እንደሱ ያሉት ናቸው። ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። በውሃ አርሰን ቀስ ብለን አላቀቅነው። ምስማር ወግቶት ኖሯል። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር አልተሰማውም። ስኳሩን ስለካው 412 ሆነ፣ እጅግ ከፍተኛ ነው።

«የያዘኝ በድንጋጤ ነው» አለ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ።»

እኛም ዘንድ ስንቱ እናትና አባት ይህንኑ ይላል! አልተከራከረችውም። «ከባድ ሐዘን ነው የደረሰብዎት፣ ዶን። አሁን እግርዎን እናድን» አለችው። «ዶን» በስፓኒሽ እንደኛ «ጋሼ» ነው። እኔ ብሆን ስለ ቆሽትና ስለ ኢንሱሊን ማብራራት እጀምር ነበር። እሷ መጀመሪያ ሰውየውን ነው የያዘችው።

ከዚያ ፎርሙ መጣ። አድራሻ የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ወረቀቱን ወደሱ አዞረችለትና «ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ መስመር ካገኙ ያሳዩኝ» አለችው። በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች አነበበው። የለም። ገቢ የሚለው ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቅ፤ የሚከፈለው በካሽ ነው፣ የደሞዝ ወረቀት አያውቅም። ለዚህም መላ አላት። አሠሪው ሁለት መስመር ጽፎ ቢፈርም ይበቃል። ያንን ደብዳቤ ለማምጣት ሥራ ቦታው ድረስ ሄደች።

ለራጅ ወደ ሆስፒታል ሲላክ በአውቶቡስ አብራው ሄደች። መንገድ ላይ የምትነግረውን አውቀዋለሁ፣ ለሁሉም የምትነግረው ስለሆነ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ ሆስፒታሎች በአገሩ በሕጋዊ መንገድ መኖርህን እንዲጠይቁ በገዢው ታዘዋል። ግን አልመልስም ማለት ይቻላል፤ አልመለስክም ተብሎም ሕክምና አይከለከልም። ይሄንን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው መኖሩን ግን ሁሉም ሰምቷል። እና ሰው በፍርሃት ቤቱ ይቀራል። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ሰውየው አንድ ጣት ሄዶበታል። እግሩ ተርፏል።

ቴክሳስ ውስጥ ከመቶ ሰው ወደ 16ቱ ኢንሹራንስ የለውም። ከስቴቶች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሂስፓኒክ ናቸው። ሥራ ስለሌላቸው አይደለም። ጣራ ይሠራሉ፣ ሬስቶራንት ያበስላሉ፣ ቢሮ ያጸዳሉ፤ አሠሪው ኢንሹራንስ አይሰጥም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዲኬይድን፣ ማለትም የመንግሥትን የድሆች ኢንሹራንስ፣ ማስፋት የየስቴቱ ምርጫ ነው ካለ በኋላ ቴክሳስ እስካሁን እምቢ እንዳለች ናት። ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ ምንም ቢደኸይ እዚህ ሜዲኬይድ አያገኝም። ወረቀት የሌለውማ ጨርሶ አይታሰብ። ኢመርጀንሲ ገንዘብ ባይኖርህም ሊመልስህ አይችልም፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው። ግን የሚያደርጉልህ አረጋግቶ መሸኘት ነው። ስኳርና ግፊት ደግሞ ተረጋግቶ የሚቀር በሽታ አይደለም።

በሮቹ አሉ። እንደኛ ያለ የፌዴራል ድጋፍ ያለው ክሊኒክ እንደ ገቢህ ያስከፍላል፤ መክፈል ስላልቻልክ አይመልስህም። የድሮው ዓይነት ኢንሱሊን ዋልማርት ያለ ማዘዣ በ25 ዶላር ገደማ ይገኛል። የካውንቲ ሆስፒታል የራሱ የእርዳታ ፕሮግራም አለው። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ጣራ ላይ የዋለ ሰው ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ ያውቃል?

ደሞዙ ላይ ልመለስ። የአገር ቤቷ ጤና ኤክስቴንሽን ትነስም ትብዛ የመንግሥት ደሞዝ አላት። የኛዋ ቴክሳስ የምትጠይቀውን የ160 ሰዓት ስልጠና ወስዳ፣ ሰርተፍኬት ይዛ፣ የምትኖረው ግን በግራንት፣ ማለትም ጊዜው በሚያልቅ የእርዳታ ገንዘብ ነው። ግራንቱ ሲያልቅ እሷም ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሜዲኬር፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ መክፈል ጀምሯል፤ የሚከፍለው ግን ሜዲኬር ላላቸው ነው። ምንም ለሌለው ሰው አብራው ለምትሄድ ሴት የሚከፍል የለም።

ጥቅሙ ደግሞ ድሮ የታየ ነው። ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የጡት ካንሰር ላለባቸው ድሆች አብሮ የሚሄድ ሰው መመደብ ጀመሩ። ቀድሞ አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 39 ነበሩ። ምርመራው ርካሽ ሆኖ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ተጨምሮ፣ 70 ደረሱ። ታዲያ ይሄ ሥራ ለምን በልመና ይኖራል? ሀኪሙ ቋሚ በጀት ካለው እሷም ይገባታል። ይሄን የክሊኒኩ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ፣ ደግሜም እናገራለሁ።

እሷን ባየሁ ቁጥር የኛ ሰው ትዝ ይለኛል። እዚሁ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ስንት ጋሼ አለ፣ ኡበር እየነዳ፣ ያለ ኢንሹራንስ፣ «ሲብስብኝ እሄዳለሁ» እያለ የሚኖር። ለነሱ አብራ የምትሄድ ሴት የለችም። ስለዚህ ስልጠናውን ልወስድ ተመዝግቤያለሁ። አባም ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ፈቅደውልኛል። የግፊት መለኪያዬን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ፎርም ያለው ፎርሙን ያምጣ።

እስከዚያው የሆስፒታል ቢል መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁ፣ እባካችሁ አውጡት። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነ የፌዴራል ሕግ የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ያስገድደዋል። ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ 240 ቀን እስኪሞላው ማመልከት ትችላላችሁ። ደውላችሁ «ፋይናንሺያል አሲስታንስ» በሏቸው፣ ፎርሙን ይልኩላችኋል። እሑድ አብረን እንሞላዋለን።